አንድ መስመር ከፍ ብሎ

መዝገቡን በሰም ሸራ ጠቅልላ እንደ ሕፃን በጀርባዋ አዝላዋለች። ከማዘጋጃ ቤቱ ወደ ወደብ የሚወርደውን የድንጋይ ደረጃ ግማሽ ሩጫ፣ ግማሽ እርምጃ ተያይዛዋለች። ሰባት መቶ ገጽ፣ የበሬ ቆዳ ሽፋን፣ ሁለት የናስ መቆለፊያ ያለው መዝገብ ነው፤ ደረጃ በወረደች ቁጥር ወገቧን ይደልቃታል። የጋብቻ ሹሙ ሪህ ያሳበጠውን እግራቸውን ትራስ ላይ ሰቅለው በፈረስ ጋሪ በዋናው መንገድ ዞረው ይመጣሉ። እሷ ጋሪ አልጠበቀችም፤ ዛሬ የመጠበቅ ቀን አይደለም።

ደረጃው ሥር ፋኖስ የሚጠግነው ሰውዬ ቀና ብሎ አያት።

“እሜቴ፣ ልጁ ስንት ወሩ ነው?”

“ሠላሳ ዓመቱ ነው። እስካሁን በእግሩ አልሄደም።”

“እናቱን ሊገድላት ነዋ!”

“የገደለውስ አባቶቹን ነው። ሦስት ሹም ቀብሯል፤ አራተኛው በጋሪ እየመጡ ነው።”

ሰውዬው ሳቀ። እሷ ግን አልፋው ሄዳ ነበር።

ይህ መዝገብ ከተጠረዘ ወዲህ ከማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ የወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያኔም ያስወጣው የጣሪያው ቃጠሎ ነበር። ዛሬ ደግሞ ጦርነት አስወጣው። የድልድይ ሠሪዎቹ ጦር ከትናንት ጀምሮ ወደብ ላይ ሰፍሯል፤ ከሰፈረበት አንድ ሰው ንቅንቅ እንዳይል በሻለቃው ማኅተም ታዟል፤ መርከቡም ልክ በስድስት ሰዓት መልሕቁን ያነሣል። ሙሽራው ወደ መዝገቡ መምጣት ካልተፈቀደለት መዝገቡ ወደ ሙሽራው ይሄዳል እንጂ ምን ይደረጋል? ሙሽሪትስ እንዳትሉ፤ ሙሽሪት መዝገቡን ያዘለችው ናት።

እናቷ ያወጣችላት ስም ነበራት፤ የሚያውቁት ግን እሷና የማዘጋጃ ቤቱ የሠራተኞች ዝርዝር ብቻ ናቸው። ከተማው በሙሉ “እማኝ” ነው የሚላት። ሕጉ ለሙሽራ ሁለት፣ ለሙሽሪት ሁለት እማኝ ይላል። የወደብ ከተማ ደግሞ ሰው ከየትም ይጥልበታል፤ ዘመድ የሌላት ገረድ፣ ከቤቷ ኮብልላ የመጣች ልጅ፣ ወንድሞቿን ባሕር የበላባት። ሹሙ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው “በሙሽሪት ወገን ማን አለ?” ብለው ይጠይቃሉ። ክፍሉ ጭጭ ይላል። ሙሽሪት ወለል ወለሉን ታያለች። ይሄኔ እሷ ከጽሕፈት ጠረጴዛዋ ትነሣና “እኔ አለሁ” ትላለች፤ ትፈርማለችም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ብላ ሁለት መቶ ስድሳ ሦስት ጊዜ ተነሥታለች። ለሩብ ሰዓት የሁሉም እህት፣ የሁሉም አክስት ትሆናለች። ሩብ ሰዓቱ ሲያልቅ ወንበር ትደረድራለች።

ወደዚያ ቤት የገባችው በመጥረጊያና በባልዲ ነው። ፊደል የለየችው ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱን በር ስታጥብ፣ በሩ ላይ ከሚለጠፈው የጋብቻ ማስታወቂያ ነው፤ ማንም “ሀ በይ” ያላት የለም። ተምሮ የመጣ ጸሐፊ ቢሳሳት ድካም ነው ይባልለታል። እሷ ግን ሰርቃ የተማረች ናት፤ የሰረቀ ሰው ዕቃው ከእጁ አይወድቅበትም። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ጠብታ ቀለም አታሳልፍም። ከሷ በፊት የነበረው ጸሐፊ የተበላሸ ፊርማ ሲያገኝ በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርጎ ያልፍ ነበር። እሷ የመፋቂያውን ቢላ መሳቢያ ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን ጉድጓድ ውስጥ ጣለችው። ሹሙ “ምነው አንቺ ልጅ፣ ሕጉን ያወጡት እንኳ እንዳንቺ አያከብሩት” ሲሏት፣ “ያወጡትማ ማንበብ ሳይቸግራቸው ነው ያወጡት ጌታዬ” አለቻቸው።

አምሳ አለቃው ወደዚህ ክፍል የገባው ሙሽራ ሆኖ አይደለም። ጦርነቱ ሲሸት የድልድይ ሠሪው ጦር ወጣቶች በየሳምንቱ ያገቡ ጀመር፤ አባት አጠገባቸው ስለሌለ አለቃቸው እማኝ ይሆናቸዋል። በግራ በኩል፣ በሙሽራው ወገን፣ እሱ ይፈርማል። በቀኝ በኩል፣ በሙሽሪት ወገን፣ እሷ ትፈርማለች። መጀመሪያ ሰላምታ ነበር። ከዚያ ስለ ብዕሯ ጠየቃት። ከዚያ ስለ እንጨት ነገራት፤ የትኛው ግንድ ውኃ ውስጥ እንደሚጠነክር፣ የትኛው እንደሚበሰብስ። አንድ ቀን ሁሉም ከወጡ በኋላ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ቆመ።

“እሜቴ እማኝ፣ ስማችን አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ጎን ለጎን ተጽፏል። ቆጥሬዋለሁ።”

“እኔም ቆጥሬዋለሁ። መቁጠር ሥራዬ ነው።”

“አንድ መስመር ከፍ ብንልስ?”

ከእማኞቹ መስመር በላይ ያለው የሙሽራና የሙሽሪት መስመር ነው። እሷ የቀለም ዕቃውን ከደነች፤ መልሳ ከፈተች፤ ደግሞ ከደነች።

“ማስታወቂያው አሥር ቀን በር ላይ መለጠፍ አለበት” አለችው። እሺታዋ ይህ ነበር።

ማስታወቂያውን ራሷ ጻፈችው፣ ራሷ ለጠፈችው። አሥር ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት እንደ እንግዳ ቆማ አነበበችው። የተቃወመ አልነበረም። ያስተዋለም አልነበረም።

አሁን አሥሩ ቀን ሞልቷል። ሐሙስ ዕለት የሚስቶቹ መርከብ ጦሩን ተከትሎ ይነሣል፤ በእጇ የመዝገቡን ግልባጭ በማኅተም ያልያዘች ሴት መሰላሉን አትረግጥም። የተከራየችውን ክፍል ለቃለች። ወንበሯን ሰጥታለች፤ ፋኖሷንም ለጎረቤቷ ለልብስ አጣቢዋ ሰጥታለች። ሁሉ ነገር በመስመር የሄደላት ሲመስላት ግን ዛሬ ጠዋት አንድ ነገር ጎደለ፤ ሁለተኛ እማኝ። አንደኛዋ አጣቢዋ ናት። ሁለተኛዋ እሆንልሻለሁ ያለችው ባርኔጣ ሰፊዋ ነበረች። እሷ “ራሴን አሞኛል” ብላ ላከች። ራስ የሌለው ሰው ራሱን እንዴት እንደሚያመው እሷ ትወቅ።

ወደቡ ከመድረሱ በፊት ያለው መታጠፊያ ላይ ዳቦ ቤት አለ። ባለቤቲቱ ከስድስት ዓመት በፊት እዚያው ማዘጋጃ ቤት ነው የተዳረችው። እማኝ መዝገቡን እንዳዘለች በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች። አራት ገዢ ተሰልፏል።

“ምን ልስጥሽ እህቴ?” አለች ዳቦ ጋጋሪዋ፣ እጇ ላይ ያለውን ዱቄት እያራገፈች።

“ዳቦ አይደለም የፈለግኩት። አላወቅሽኝም?”

“ቆይ… ቆይ… አወቅኩሽ! ወንበር የደረደረችልን ሴትዮ!”

“እማኝሽ ነበርኩ። እጅሽ ሲንቀጠቀጥ ይዤሽ ነበር።”

“ያቺማ የባለቤቴ አክስት ናት!” አለች ዳቦ ጋጋሪዋ፤ ያለችው ደግሞ ከልቧ ነው።

“የባለቤትሽ አክስት አልነበረችም። ሁለታችሁም ሰው አልነበራችሁም።”

ገዢዎቹ ዞር ዞር አሉ። የዳቦ ጋጋሪዋ ጆሮ ፍም መሰለ።

“እኔ ነኝ ሰው ያልነበረኝ? ስሟት እስቲ! የኔ ሠርግ ሰው መቆሚያ ያጣበት ሠርግ ነው! ሴትዮ፣ ምድጃዬ እየነደደ ነው፤ ዳቦ ካልገዛሽ መንገዱን ልቀቂላቸው።”

እሷ የመዝገቡን ማዘያ አጥብቃ መንገዷን ቀጠለች። ከመታጠፊያው እንደወጣች ነገሩ ገባት። ሁለት መቶ ስድሳ ሦስት ሰው አለኝ ስትል ኖራለች፤ ለካስ አንድም የላትም። ሰው ያጣበትን ቀን የሚያስታውስ ፊት ደጁ ሲመጣ ደስ የሚለው የለም።

ወደቡ ላይ ግርግር ነው። በቅሎ ያናፋል፣ ፊሽካ ይነፋል፣ የመርከቡ ጢስ ጥቁር ሰማይ ሠርቷል። አጣቢዋ ከሩቅ አየቻት። የልብስ ማንጫ ሰማያዊ ቀለም ጣቶቿን ያቀለመባት የስልሳ ዓመት ሴትዮ ናት፤ እንኳን ወደብ ገበያም ቢሆን ድምፅዋ ይሰማል።

“ልጄ! ሙሽሪት ነሽ ወይስ ጫኝ?”

“ሁለቱም ነኝ እትዬ።”

“ነይ፣ ነይ፣ አንገትጌሽን እንኪ። ሁለት ጊዜ ተኩሼዋለሁ። ይሄን የመሰለ ነጭ አንገትጌ ሹም አይለብሰውም። ባርኔጣ ሰፊዋስ?”

“ራሷን አሟታል።”

“ራሷን?” አጣቢዋ ምራቋን ባሕር ውስጥ እንትፍ አለች። “ታዲያ ሁለተኛው ማነው?”

“እፈልጋለሁ።”

አምሳ አለቃው ከሁለት ወታደሮቹ ጋር ቆሟል፤ የጥይት ሣጥን በሣጥን ላይ ደርድሮ፣ በላዩ የድልድይ ሳንቃ ጋድሞ ጠረጴዛ ሠርቶላታል። የሳንቃውን ጠርዝ ልብስ እንዳይዝባት በአሸዋ ወረቀት አለስልሶታል። እሷ ይህን አየች፤ መዝገቡን አውርዳ በሳንቃው ላይ ስታስቀምጥ ጠርዙን በመዳፏ አንድ ጊዜ ዳበሰችው።

“ወገብሽ አለ?” አላት።

“ያንተን ያህል ግንድ አልተሸከምኩም።”

ጋሪው ደረሰ። ሹሙን ሁለት ሰው ደግፎ አወረዳቸው። የኪስ ሰዓታቸውን አውጥተው ከዓይናቸው አስጠጉ። “አምስት ሰዓት ተኩል። በሉ፣ በሉ። ሁሉም አለ?”

“አንድ እማኝ ይጎድላል ጌታዬ። በኔ በኩል።”

ሹሙ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩዋት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩዋት ይመስል። “ባንቺ በኩል?” አሉ፤ ቀስ ብለው።

የሙሽሪት እማኝ ወታደር እንዳይሆን፣ የከተማው ነዋሪ እንዲሆን፣ ስሙን መጻፍ እንዲችል። እሷ ራሷ ለስንቱ ያነበነበችው ሕግ ነው። ወደ ወደቡ ጫኞች ዞራ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

“ስሙን መጻፍ የሚችል የከተማ ሰው አለ? እማኝ እፈልጋለሁ!”

ከከረጢቶቹ ክምር ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው ቀስ ብሎ ወረደ። ትከሻው ሰፊ ነው፤ ጸጉሩ ያለ ጊዜው ገብስማ ሆኗል። መጥቶ ፊቷ ቆመ።

“እኔ መጻፍ እችላለሁ። እሜቴ ያውቁኛል።”

አወቀችው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በበጋ፣ ከአንዲት የነጋዴ ቤት ገረድ ጋር መጥቶ ነበር። መጻፍ የተማረው ለዚያች ፊርማ ሲል ነው። እጁ አልቦት ብዕሩን ሲያነሣ አንድ ጠብታ ቀለም ከስሙ ላይ ወደቀች፤ የስንዴ ፍሬ የምታህል። እሷ መዝገቡን ዘጋች። የተበላሸ ገጽ አይፋቅም፣ አይሰረዝም፤ ማስታወቂያው ከገጹ ጋር ይወድቃል፤ አዲስ ማስታወቂያ አሥር ቀን ይለጠፋል። ልጅቷ አለቀሰች። “ልቅሶ ቀለም አይመጥም” አለቻት። በስድስተኛው ቀን የልጅቷ ጌቶች ዕቃቸውን ጭነው በመርከብ ሲሄዱ ገረዲቱንም ይዘዋት ሄዱ።

“ረስተውኝ ይሆናል” አለ ጫኙ።

“አልረሳሁህም።”

“እኔም አልረሳሁዎትም። በዚህ ከተማ እርስዎን እንደኔ የሚያስታውስ ሰው የለም።”

እሷ መዝገቡን ከሸራው መፍታት ጀመረች።

“ለምን ትፈርምልኛለህ?”

“ሰው ሲጎድል ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ።” እጁን በሱሪው ላይ ጠረገ። “ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ስሜን ስጽፍ ነው የኖርኩት። ጠብታ አላወርድብዎትም።”

መርከቡ የመጀመሪያውን ጡሩምባ ነፋ። በቅሎዎቹ ደነገጡ። ሹሙ የሹመት መታጠቂያቸውን በደረታቸው ላይ አስተካክለው ሕጉን ማንበብ ጀመሩ፤ ያነባሉ ሳይሆን ይሮጣሉ ቢባል ይቀላል። እሷ ከሳንቃው ጎን ቆማለች። መዝገቡን የሚከፍት ሌላ ጸሐፊ ስለሌለ እሷው ከፈተችው። ገጹን አቃናች፣ መምጠጫ ወረቀቱን በግራ፣ የቀለሙን ዕቃ በቀኝ አኖረች፣ ነፋሱ እንዳይገልጠው በክንዷ ተጫነችው። እጇ ሥራውን ያውቃል፤ አእምሮዋ የት እንዳለ አልጠየቀውም።

አእምሮዋ አምሳ አለቃው ጫማ ላይ ነበር። እንደ አዲስ ጠርጓቸዋል። አንዱ ማሰሪያ ግን ተፈትቷል፤ ካለቀ በኋላ እነግረዋለሁ እያለች ነበር። “ካለቀ በኋላ” የሚለው ነገር ደስ አሰኛት። ካለቀ በኋላ የሚነገረው ሰው ኖሯት አያውቅማ።

በዚያ ቤት ልማድ እማኞች ይቀድማሉ፤ ከእማኞችም የሙሽሪት ወገን ይቀድማል። ሹሙ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉ።

“በሙሽሪት ወገን ማን አለ?”

አጣቢዋ በዚያች ቅጽበት እንባዋን ለመጥረግ መሐረቧን ፍለጋ ደረቷ ውስጥ እጇን ከታለች። ጫኙ መዳፉን በሱሪው ላይ ሦስተኛ ጊዜ ይጠርጋል፤ ላቡ እንዳይከዳው ፈርቷል። ማንም አልመለሰም። ጸጥታ ሆነ፤ ያቺ እሷ ከአጥንቷ ጋር የምታውቃት ጸጥታ፣ ዘመድ የሌላት ልጅ ወለል ወለሉን የምታይባት።

“እኔ አለሁ” አለች።

ብዕሩን ነከረች፤ በቀኝ በኩል፣ በአንደኛው የእማኝ መስመር ላይ፣ ሙሉ ስሟን ጻፈች። መምጠጫውን አነሣች፤ አሳረፈችበት፤ አነሣችው። ፊርማው አምሮ ወጥቷል። ከዚያ በኋላ ነው ቀና ያለችው።

ሹሙ አፋቸውን ከፍተው ቀርተዋል። አምሳ አለቃው መዝገቡን ያያል።

“ምነው?” አለች አጣቢዋ መሐረቧን ይዛ። “አለቀ እንዴ? ላልቅስ ወይስ ልሳቅ?”

አንድ ሰው በአንድ ገጽ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ይፈርማል። እማኝ የሆነች ሙሽሪት አትሆንም። ይህን በዚያ ከተማ ከሁሉ ይልቅ የምታውቀው አንዲት ሴት ናት፤ እሷም ብዕሩን እንደያዘች ቆማለች።

ሹሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከሰደርያ ኪሳቸው ትንሽ ቢላ አወጡ፤ የብዕር መቅረጫቸው ናት። ስለቷን ከፍተው በሳንቃው ላይ ወደሷ ገፋ አደረጓት።

“አንቺ ልጅ፣ ቀለሙ ገና እርጥብ ነው። የኔ ዓይን እንደሆነ ከደከመ ቆይቷል።”

“ፋቂ እንጂ ምን ትጠብቂያለሽ!” አጣቢዋ ነገሩ አሁን ገብቷት ጮኸች። “ይፋቅ! ሕጉም ይፋቅ! መርከቡ ሊሄድ ነው እኮ ልጄ!”

እሷ ቢላዋን አነሣች። ቀላል ነበረች። ሁለት ጊዜ ሸርተት፣ አንድ ጊዜ እፍ። ሐሙስ፣ መርከብ፣ ከባሕሩ ማዶ የድንኳን ከተማ፣ የተፈታ የጫማ ማሰሪያ የምታይለት ሰው። ያለዚያ ባዶ ክፍል፣ ያውም ቁልፉን የመለሰችው። ዓይኗ ሳታዘው ወደ ጫኙ ሄደ። መዳፉን በሱሪው መጥረጉን ትቷል። አያት፤ ፊቱ ላይ ቂም ብትፈልግ አጣች።

“ፋቂው” አላት፤ እርስዎታውን ትቶ፣ እንደ ወንድም። “እኔ አላየሁም።”

“አትፍቂ” ቢላት ኖሮ በእልህ ትፍቀው ነበር። “አይገባሽም፣ እኔን ምን ብለሽኝ ነበር?” ቢላት ኖሮ ዓይኑን እያየች ትፍቀው ነበር። ይቅር ሲላት ግን እጇ ላይ ያለችው ትንሽ ቢላ ከመዝገቡ ይልቅ ከበደቻት። አጥፋ በሳንቃው ላይ አስቀመጠቻት።

“አሥር ቀን ነው” አለች። ድምፅዋ ወጣ እንጂ የሷ አልመሰላትም። “ለሱ አሥር ቀን ያልኩት እኔ ነኝ።”

ሁለተኛው ጡሩምባ ተነፋ። ወታደሮቹ ጓዛቸውን ማንሣት ጀመሩ። አምሳ አለቃው አልተንቀሳቀሰም።

“ሐሙስስ?” አላት።

“ሐሙስ ያለኔ ይሄዳል።”

አምሳ አለቃው የሳንቃውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ እየዳበሰ፣ “በኛ ሥራ” አለ፣ “ያለልኩ የተቆረጠ ግንድ በሙጫ አይጠገንም። ድልድዩ የሚፈርሰው በዚያ በኩል ነው። ሌላ ይቆረጣል።”

“ሌላው አሥር ቀን ይፈጃል። ደግሞ ሁለቱም ሰው በአካል መቆም አለባቸው። አንተ ደግሞ…”

“አልሞትም።”

“ይኸ በቃል አይሆንም።”

“በእማኝ ይሆናል።” ብዕሩን ከእጇ ወሰደ። ጎንበስ ብሎ ከሙሽራው መስመር በታች፣ በግራ በኩል፣ በአንደኛው የእማኝ መስመር ላይ ስሙን ጻፈ፤ እንደ ሁልጊዜው ፊደሎቹን እንደ ሳንቃ እየደረደረ። ቀና ሲል ፈገግ ለማለት ሞከረ። አልሆነለትም።

“ሃያ” አላት።

ከላይ ሁለቱ መስመሮች ባዶ ናቸው። ከታች ሁለት ስም ጎን ለጎን። ሙሽራና ሙሽሪት የሌለበት፣ እማኝ ብቻ ያለበት ጋብቻ።

መሰላሉን ሲወጣ ማሰሪያው እንደተፈታ ነበር። ልትጮህለት አፏን ከፈተች፤ ሦስተኛው ጡሩምባ ተነፍቶ ድምፅዋን ወሰደው።

መርከቡ ከጢስነት ወደ ነጥብነት ተለወጠ። ሹሙ ወደ ጋሪያቸው ተመለሱ። አጣቢዋ “ፋኖስሽን ማታ አመጣልሻለሁ” አለች፤ አከለችና “ወንበርም አለኝ፤ አንድ እግሯ ይነቃነቃል እንጂ ደህና ናት” አለች። እሷ መዝገቡን በሸራ ጠቅልላ ልታዝለው ስትጎነበስ፣ አንድ ሰፊ እጅ ቀደማት።

“ይህ የኔ ሥራ ነው” አለ ጫኙ።

መዝገቡን በትከሻው አድርጎ ያን ሁሉ ደረጃ ከፊቷ ወጣ። ፋኖስ ጠጋኙ “ልጁ አባቱን አገኘ እንዴ?” ሲል እንኳ አልመለሰችለትም፤ ይህ በዚያ ደረጃ ላይ ታይቶ አያውቅም። ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ጫኙ መዝገቡን አወረደላት። ሊሄድ ሲል “የዚያች ልጅ ስሟ ማን ነበር?” አለችው። ነገራት። እሷ ግን ታውቀው ነበር፤ በዚያ በተበላሸው ገጽ ላይ ሁልጊዜ ታየዋለች። አንድ ሰው አፍ አውጥቶ እንዲጠይቀው ብላ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዲሱን ማስታወቂያ ጻፈች። የፊተኛው ሙጫ በሩ ላይ አራት ማዕዘን ምልክት ትቷል፤ አዲሱን ልክ በዚያ ላይ ለጠፈችው። ከመንገዱ ማዶ ሰው ይወጣል፣ ይወርዳል። ቆሞ ያነበበ የለም።

ወደ ክፍሉ ስትመለስ የዕለቱ የመጨረሻ ተጋቢዎች ደርሰው ነበር። ሙሽራው አንድ የገመድ ሠራተኛ ነው፤ ሁለት ባልደረቦቹን ይዟል። ልጅቷ አሥራ ዘጠኝ ብትሆናት ነው። ከሷ ጋር አንዲት እንጀራ እናቷ የምትመስል ሴት ብቻ ቆማለች። ወንበሮቹ አልተደረደሩም። ሹሙ መዝገቡን ራሳቸው ከፍተውታል፤ ከተበላሸው ገጽ ቀጥሎ ያለውን። በግራ ገጽ ሁለቱ ስሞች ይታያሉ። ሹሙ በመዳፋቸው ሸፈን አደረጓቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው አልገፉም፤ ጥያቄውን ወደ ጠረጴዛው አጎንብሰው ነበር የጠየቁት፣ ለመስማት በሚያስቸግር ድምፅ።

“በሙሽሪት ወገን… ከእናትዮዋ ሌላ… ማን አለ?”

ልጅቷ ወለል ወለሉን አየች።

እሷ በር ላይ ቆማለች። ጣቶቿ ላይ ሙጫው ገና አልደረቀም። ሹሙ አላዩዋትም፤ ሆን ብለው። ጸጥታው ከሌላው ቀን ረዘም አለ፤ ሰው ሊያመልጥበት የሚችል በር ያህል ሆነ። እሷ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤ ልክ እንደ ጫኙ።

“እኔ አለሁ” አለች።

ከመፈረሟ በፊት ግን በጣቷ ከላይ ጀምራ መስመሮቹን አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው።